የሱሉልታ ሳር ስንት የፈረስ ጉልበት ይፈልጋል?

ጥቅምት ሲገባ ከሱሉልታ በአዲሱ ገበያ በኩል ወደ ከተማ የሚወርዱትን አይሱዙዎች ሳታዩ አትቀሩም። ሳሩ ከመኪናው ቁመት በላይ ተቆልሎ፣ በገመድ ተጠፍሮ፣ ከኋላው ስትከተሉት መኪና ሳይሆን ክምር የሚሄድ ነው የሚመስለው። ያ ጭነት የአዲስ አበባ ላሞች እስከ ቀጣዩ መስከረም የሚበሉት ቀለብ ነው። ጠዋት ካፌ ገብቶ ማኪያቶ የሚያዝ ሰው ከቡናውና ከስኳሩ ጋር የሱሉልታን ሳርም አብሮ ይከፍላል፣ ደረሰኙ ላይ ባይጻፍም።

ሰሞኑን አንድ ወጣት ወዳጄ የቴሌግራም ማስታወቂያ ላከልኝ። ሚኒ ትራክተር፣ 25 የፈረስ ጉልበት፣ ከነማጨጃው። ከሥሩ እንዲህ ብሎ ጽፏል፦ «አጎቴ ሱሉልታ አካባቢ ሦስት ሄክታር የሳር መሬት አለው። አምና አጫጅ አጥቶ ግማሹ ሳር እንደ ቆመ ደረቀ። ይሄን ልናስገዛው ነው፣ ምን ትላለህ?»

በአጭሩ መለስኩለት፦ ገና ነው፣ አትግዙ። እሱም «ለምን? ዘመናዊ አትሁኑ ነው የምትለን?» አለኝ። አይደለም። ግን ጥያቄው የተነሳው ከተሳሳተ ጫፍ ነው። ብዙዎቻችን ትራክተር ስናስብ ከጉልበቱ እንጀምራለን። መጀመር ያለብን ከአፈሩና ከሳሩ ነው፣ ቀጥሎ ከማጨጃው፣ ትራክተሩ ከዚያ በኋላ ነው የሚመጣው።

የሱሉልታ ሜዳ አብዛኛው መረሬ ነው፤ ኦሮምኛ ተናጋሪው ኮትቻ ይለዋል። በአገራችን እንዲህ ያለ ከባድ ጥቁር አፈር ወደ 12.6 ሚሊዮን ሄክታር ይገመታል። ክረምት ላይ ያብጣል፣ እንደ ሊጥ ይጣበቃል፣ ውሃ ይተኛበታል። በጋ ላይ ደግሞ እግር የሚያስገባ ስንጥቅ ይከፍታል። ሜዳው ሳር ሆኖ የቀረውም አንድም በዚህ ምክንያት ነው፤ ውሃ የተኛበት መሬት ለስንዴ አይመችም፣ ለሳር ግን ይመቻል። ስለዚህ እዚያ ሰፈር ሳሩ ራሱ ሰብል ነው እንጂ ሰብል ያጣ መሬት መሸፈኛ አይደለም።

ችግሩ ያለው እዚህ ላይ ነው። ሳሩ ለድርቆሽ በጣም ጥሩ የሚሆነው ግማሽ ያህሉ ሲያብብ፣ ማገጡ ገና ቅጠሉን ሳያራግፍ ነው። ያ ጊዜ ከመስቀል በኋላ ዝናቡ እያበቃ ሲሄድ ይመጣል። መሬቱ ግን ያን ጊዜ ገና አልደረቀም። ላዩ ይደርቅና ውስጡ ጭቃ ነው። ማጭድ የያዘ ሰው ይገባበታል፤ ከአንድ ቶን በላይ የሚመዝን ትራክተር ከነማጨጃው ሲገባ ግን ጎማው ይሰምጣል። ባይሰምጥ እንኳ የሚተወው ቦይ አለ። በሚቀጥለው ክረምት ውሃ በዚያ ቦይ ይተኛል፣ ማገጥ የነበረበት ቦታ ቀጤማ መብቀል ይጀምራል። መሬቱ በደንብ እስኪደርቅ ከጠበቅን ደግሞ ሳሩ ያረጃል፤ አገዳ እንጂ ቅጠል አይቀረውም፣ ላሟ ሆዷን ትሞላበታለች እንጂ ወተት አትሰጥበትም። ማሽኑ ትልቅ በሆነ ቁጥር ወደ ማሳው የሚገባበት ቀን ይዘገያል ማለት ነው። ይህን ሻጩ አይነግራችሁም፤ የአጎትየው ጎረቤት ግን ያውቀዋል።

ቀላል መፈተኛ አለ። ጠዋት ማሳው መሃል ቁሙና በተረከዛችሁ ጠበቅ አድርጋችሁ መሬቱን ጫኑት። ዱካው ውሃ ከቋጠረ ወይም አፈሩ ጫማው ላይ ከተለጠፈ ያን ቀን ትራክተር አይገባም።

ወደ ማጨጃው እንምጣ። በማስታወቂያው ፎቶ ላይ ከትራክተሩ ኋላ የተንጠለጠለው ከላይ ክዳን ያለው፣ ከሥሩ ሰፊ ቢላዋ የሚሽከረከርበት ዓይነት ነው። እሱ ሳሩን አጭዶ አያስተኛም፣ ይከትፈዋል። ለሆቴል ግቢ፣ ለትምህርት ቤት ሜዳ፣ በመናገሻና በሰበታ በኩል ላሉ ሰፋፊ ቅጥሮች፣ ቁጥቋጦ ለወረረው ዳገት በጣም ጥሩ ነው። ለድርቆሽ ግን ሳሩን ማበላሸት ነው፤ የተከተፈ ሳር ተሰብስቦ አይታሰርም፣ ግማሹ መሬት ላይ ይቀራል። መሬቱ እንዳይዳወር ብቻ የሚፈልግ ሰውና ሳር የሚሸጥ ሰው አንድ ዓይነት ማሽን አይገዙም።

ለድርቆሽ የሚሆኑት በዋናነት ሁለት ናቸው። አንደኛው ባለጥርስ ማጨጃ ነው፤ እንደ ፀጉር መቁረጫ ቶንዶስ ጥርሶቹ ግራና ቀኝ እየተመላለሱ ሳሩን ከሥሩ ቆርጠው ያስተኙታል። ቀላል ነው፣ ጉልበት አይበላም፣ ከኋላው በእግር እየተከተሉ በሚነዱት ባለሁለት ጎማ ትራክተር ላይም ይገጠማል። ድክመቱ ድንጋይና የፍልፈል ጉብታ ነው። የሱሉልታን ሜዳ በእግሩ የሄደበት ሰው ፍልፈል ምን ያህል አፈር ቆልሎ እንደሚተው ያውቃል። ጥርሱ እዚያ ጉብታ ውስጥ ሲገባ ይታነቃል፣ አንዳንዴም ይሰበራል።

ሁለተኛው ባለከበሮ የሚባለው ነው። ሁለት ከበሮ መሳይ ነገሮች በፍጥነት ይሽከረከራሉ፣ ከሥራቸው ትናንሽ ቢላዎች አሉ። ፈጣን ነው፣ ጉብታ ብዙም አያስቆመውም፣ ቢላው በደቂቃዎች ይቀየራል። ግን ከባድ ነው፣ ጉልበትም ይፈልጋል፤ 1.35 ሜትር ስፋት ያለው ትንሹ ቢያንስ ከ25 እስከ 30 የፈረስ ጉልበት ይጠይቃል።

«ታዲያ ማስታወቂያው 25 ይላል አይደል?» ትሉኝ ይሆናል። ይላል። ግን ያ ቁጥር የተለካው በባሕር ጠረፍ አየር ነው። ሱሉልታ ደግሞ ወደ 2,600 ሜትር ከፍታ ላይ ናት። ቱርቦ የሌለው የናፍጣ ሞተር ከፍታው በየ300 ሜትሩ ሲጨምር ከጉልበቱ በግምት 3 በመቶ ያጣል፤ አየሩ እየሳሳ ይሄዳላ! አስሉት፤ ሱሉልታ ሲደርስ ሩብ ያህሉ ጠፍቷል። 25 የነበረው 19 ሆነ። ከዚያ ላይ ከሞተሩ ወደ ኋላ ማጨጃው ዘንግ እስኪደርስ የሚባክነው ሲቀነስ ቢላው ጋ የሚደርሰው ከ16 ወይም ከ17 አይበልጥም። በሱሉልታ ባለከበሮ ማጨጃ መጎተት የፈለገ ሰው ወረቀት ላይ ከ35 እስከ 40 የሚል፣ ቢቻል ቱርቦ ያለው ትራክተር ማየት አለበት። ያ ደግሞ ከባድ ነው፣ ክብደቱም መልሶ ወደ መረሬው ጣጣ ይወስደናል። ለዚህ ነው ለሦስት ሄክታር ሰው ባለሁለት ጎማው ከባለጥርስ ማጨጃው ጋር ይሻላል የምለው፣ ቲክቶክ ላይ ባያምርም።

አሁን እስካሁን ያልነካነውን ሒሳብ እንንካ። 1.3 ሜትር ስፋት የሚያጭድ ማሽን በሰዓት 5 ኪሎ ሜትር ቢሄድ በሰዓት 6,500 ካሬ ሜትር ይሆናል። መታጠፊያውን፣ መታነቁን፣ ነዳጅ መሙላቱን ብለን 30 በመቶ እንቀንስለት፤ በሰዓት 0.45 ሄክታር ገደማ ይቀራል። የአጎትየው ሦስት ሄክታር በሰባት ሰዓት አለቀ። ሰባት ሰዓት፣ በዓመት! የቀረውን ጊዜ ማሽኑ ቆርቆሮ ሥር ቆሞ ዝገት ይጠብቃል። በባለሁለት ጎማው ቀስ እያላችሁ ብትሠሩ ዕጥፍ ይፈጅ ይሆናል፤ እሱም ቢሆን ሁለት ቀን ነው።

ሳሩ የሚታጨድበት ጊዜ አንድ ወር ነው ብንል፣ በቀን ጤዛው ከረገፈ በኋላ አምስት ሰዓት ብንሠራ፣ ያው ማሽን ከ60 ሄክታር በላይ ይደርሳል። ስለዚህ አጎትየው መጀመሪያ መቁጠር ያለበት የራሱን ሄክታር ሳይሆን የጎረቤቶቹን ነው። 20 ሄክታር የሚሆን መሬት ያላቸው ጎረቤቶች «አንተ ግዛ፣ እኛ በኪራይ እናሠራለን» ብለው ቃል ከገቡ፣ ያኔ ማሽኑ ንግድ ሆነ። ወይም ጎረቤቶቹ በጋራ ያዋጡ። እቁብና ወንፈል የምናውቅ ሕዝብ ነን፤ ማሽን በተራ መጠቀም ከሁለቱም የሚርቅ ነገር አይደለም። ከባዱ ነገር ተራው ነው። ሳሩ ለሁሉም በአንድ ሳምንት ነው የሚደርሰው፤ ማን ይቅደም የሚለው ከመግዛታችሁ በፊት ካልተጻፈ በማሽኑ ምክንያት ጎረቤትነት ይፈርሳል።

እንደ «ለእርሻ» ያሉ በስልክና በመተግበሪያ የእርሻ መሣሪያ የሚያከራዩ አገልግሎቶች አገራችን ውስጥ ከተጀመሩ ዓመታት አልፈዋል። ትኩረታቸው ግን በአብዛኛው እርሻና የእህል አጨዳ ላይ ነው። የሳር አጨዳ ሥራ፣ ያውም ከአዲስ አበባ አፍንጫ ሥር፣ ስልክ የያዘ ወጣት የሚጠብቅ ክፍት ቦታ ይመስለኛል። ይመስለኛል ያልኩት ሆን ብዬ ነው፤ ምክንያቱም ዋጋው አለ።

ሐምሌ 22 ቀን 2016 ዓ.ም. የውጭ ምንዛሪ ተመን በገበያ እንዲወሰን ሲደረግ አንድ ዶላር ከ57 ብር ገደማ ተነስቶ በሳምንታት ውስጥ 100 ብርን አለፈ። 10 ሺህ ዶላር የሚያወጣ ማሽን 570 ሺህ ብር የነበረው ከአንድ ሚሊዮን በላይ ሆነ፣ ገና ትራንስፖርቱና የነጋዴው ትርፍ ሳይጨመር። መለዋወጫውም እንደዚያው። ስለዚህ ማንኛውንም ማሽን ከመክፈላችሁ በፊት የማጨጃውን ቢላ፣ የቀበቶውንና የማጣሪያውን ቁጥር ጽፋችሁ መርካቶ ሱማሌ ተራ ሂዱና ጠይቁ። «አለ» ከተባላችሁ ዋጋውን ጠይቁ። «ይመጣል» ከተባላችሁ ማሽኑን እርሱት።

መንግሥት በ2011 ዓ.ም. የእርሻ ሜካናይዜሽን፣ የመስኖና የእንስሳት መኖ ቴክኖሎጂዎች ከቀረጥና ከታክስ ነፃ እንዲገቡ ፈቅዷል። ጥሩ ውሳኔ ነበር። ነገር ግን በጉምሩክ ታሪፍ መደብ ሳር ማጨጃ ሁለት ቤት አለው። የግቢና የመናፈሻ ሳር ማጨጃ 8433.11 እና 8433.19 ውስጥ ይገባል፤ በትራክተር የሚጎተተውን ጨምሮ ሌላው ማጨጃ 8433.20 ነው፣ የድርቆሽ ማዘጋጃ መሣሪያ 8433.30፣ የሳር ማሰሪያው 8433.40። አስመጪው በየትኛው ቁጥር እንዳስገባው፣ ነፃ መብቱንም ተጠቅሞ እንደሆነ መጠየቅ መብታችሁ ነው። ከቀረጥ ነፃ የገባን ዕቃ ቀረጥ እንደተከፈለበት አድርጎ የሚሸጥ ካለ፣ ቅናሹ የተሰጠው ለገበሬው ሳይሆን ለመደብሩ ሆነ ማለት ነው።

ገንዘብ ለሌለው ሁለት በር አለ። አንዱ የካፒታል ዕቃ ኪራይ ነው፤ ድርጅቱ ማሽኑን ይገዛል፣ አንተ እየሠራህ ትከፍላለህ፣ ማሽኑ ራሱ መያዣ ነው። ሌላው በግንቦት 2016 ዓ.ም. የጸደቀው የገጠር መሬት አስተዳደርና አጠቃቀም አዋጅ ቁጥር 1324/2016 ነው፤ ባለይዞታው የመጠቀም መብቱን ለብድር መያዣ እንዲያደርግ ይፈቅዳል። ለሰባት ሰዓት ሥራ የመሬት መብትን ማስያዝ ግን ለኔ አይዋጥልኝም። እዚህ ላይ ወጣቱ «ኋላ ቀር ነህ» ቢለኝም እቀበላለሁ።

ከሁሉ በላይ የሚያሳስበው መሬቱ ራሱ ነው። ሰበታ፣ ቡራዩ፣ ሱሉልታ በ2015 ዓ.ም. በሸገር ከተማ ሥር ከተጠቃለሉት ውስጥ ናቸው። ትናንት የሳር ሜዳ የነበረው ዛሬ የብሎኬት ማምረቻ፣ ነገ ኮንዶሚኒየም ነው። ይህን በአካባቢው ያለፈ ሁሉ በዓይኑ ያየዋል። አሥር ዓመት የሚያገለግል ማሽን የሚገዛ ሰው ሳሩ አሥር ዓመት መኖሩን እርግጠኛ ነው ወይ? ካልሆነ፣ ሳሩ ሲያልቅ ውሃ የሚስብ፣ ጋሪ የሚጎትት፣ የእህል መውቂያ የሚያሽከረክር፣ ወደ ሙሎ ወይም ወደ ጫንጮ በፒክአፕ ተጭኖ የሚሄድ ማሽን ይምረጥ። ይህም መልሶ ወደ ትንሹ ባለሁለት ጎማ ይወስደናል።

ከዚህ ሁሉ በፊት የሚያጭዱት ሰዎችስ? በየዓመቱ ክረምት ሲወጣ ማጭዳቸውን በጨርቅ ጠቅልለው ወደ ሱሉልታ የሚመጡ የቀን ሠራተኞች አሉ። ለብዙዎቹ የዚያ ወር ገቢ የዓመት ልብስና የልጅ ደብተር ነው። የወዳጄ አጎት «አጫጅ ጠፋ» ይላል። አጫጁን ብትጠይቁት ደግሞ «በዚያ ዋጋ ማን ያጭዳል?» ሊላችሁ ይችላል፤ መንገዱ፣ ምግቡ፣ ማደሪያው ሁሉ ጨምሯል።

ታሪካችን እዚህ ላይ አንድ ነገር አይቷል። በ1960 ዓ.ም. በስዊድን ድጋፍ በአርሲ የጭላሎ እርሻ ልማት ድርጅት፣ በምህጻሩ ካዱ፣ ሲቋቋም ዓላማው ትንሹን ገበሬ ማገዝ ነበር። ትራክተርና ነዳጅ ከቀረጥ ነፃ ሲገባ ግን ባለመሬቶች ጭሰኛቸውን እያስነሱ ራሳቸው በማሽን ማረስ ጀመሩ። የገጠር መሬት በየካቲት 1967 ዓ.ም. የሕዝብ ሀብት ሲሆን ያ ታሪክ ተዘጋ። ዛሬ ጭሰኛ የለም፤ የሱሉልታ አጫጅም ጭሰኛ አይደለም። የቀረጥ ነፃው ጥቅም ግን ዛሬም ማሽኑን መግዛት ለቻለው ነው የሚደርሰው። ማሽኑ ከማጨድ በኋላ ያለውን ሥራ አይሠራም፤ መገልበጡ፣ መሰብሰቡ፣ ማሰሩ፣ መጫኑ ሰው ይፈልጋል፣ እንዲያውም በአንድ ቀን ብዙ ሳር ስለሚወድቅ በፍጥነት ይፈልጋል። ከአጫጆቹ ሁለቱን ማሽን ነጂ፣ አምስቱን ሰብሳቢና አሳሪ አድርጎ የሚቀጥር ሰው ሥራውንም ሰውንም ያተርፋል። ሰብሳቢ ሳያዘጋጅ በአንድ ቀን ሦስት ሄክታር ያስተኛ ሰው ያልታሰበ ዝናብ ከመጣበት ሳሩ ይሻግትበታል።

ማሽን የማያደርገው አንድ ሌላ ነገር አለ፤ ሰው ያያል፣ ማሽን አያይም። ከአዲስ አበባ ቅርብ ያለ ሜዳ ላይ ፌስታል፣ ሽቦ፣ የውሃ ፕላስቲክ ይበተናል። ማጭድ የያዘ ሰው ያነሳዋል፣ ማሽኑ ከትፎ ከሳሩ ጋር ያስተኛዋል። ያ ሽቦ ላሟ ሆድ ገብቶ ጨጓራዋን ይወጋል፤ የወተት ከብት ያረባ ይህን ጣጣ ያውቀዋል። ስለዚህ ከማሽኑ በፊት ሁለት ልጆች ከረጢት ይዘው ማሳውን ይዙሩት። ሞተሩ ሲነሳ ግን ልጅ የሚባል እዚያ አይድረስ፤ የሚሽከረከር ቢላ ድንጋይ ይወረውራል።

ነጂው ደግሞ ጋቢውን ቤቱ ትቶ ይምጣ። ከትራክተሩ ኋላ የሚሽከረከረው ዘንግ በደቂቃ 540 ጊዜ ይዞራል፤ የጋቢ ጫፍ ከያዘ ሰውየውን ለማስለቀቅ ጊዜ አይሰጥም። የዘንጉ መሸፈኛ ፕላስቲክ ተሰብሮ የሚሸጥ ማሽን ካያችሁ አትግዙ። ወጨጫ ተዳፋት ላይ፣ በመናገሻ በኩል መሬት ያላችሁ ደግሞ ከወንበሩ በላይ የብረት ቅስት የሌለው ትራክተር አትንዱ። በጎን ዳገት ላይ ትንሽ ትራክተር በቀላሉ ይገለበጣል።

ይህን ሁሉ በድምፅ መልእክት ለወዳጄ ላክሁለት፣ 14 ደቂቃ ወጣው። ሰምቶ ጨርሶ እንደሆነ አላውቅም። ከሦስት ቀን በኋላ ግን ፎቶ ላከልኝ፤ የደብተር ገጽ ነው፣ በአጎቱ እጅ የተጻፈ። የሰባት ጎረቤት ስምና ከጎኑ የሄክታር መጠን አለበት፣ ድምሩ 17 ተኩል። ከሥሩ ለሻጩ የተዘጋጀ አንድ ጥያቄ ተጽፏል፦ «ጥቅምት ላይ ማሽኑን እዚህ አምጥታችሁ በእኛ መሬት ላይ አጭዳችሁ ታሳዩናላችሁ ወይ?» ሻጩ እስካሁን መልስ አልሰጠም።